አገልግሉ ባዶ አልነበረም

ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት ትዝታ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆማ፣ ሳቋ እንዳያመልጣት የመጋረጃውን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ይዛ ነበር። ሦስት ናቸው። አንደኛው ሙሉቀን የሚሠራበት የጎማ ጥገና ቤት ባለቤት ሸሪፍ ሲሆን፣ ሁለቱ ሸሪፍ ራሱ ‹‹ልጁ ሰው የለውም፣ ሰው ሁኑት›› ብሎ ከየደጃቸው ለምኖ ያመጣቸው አዛውንት ናቸው። ሙሉቀን እውነትም ሰው የለውም። ጎማ መለጠፍ ሊማር ከመተከል፣ ከፓዌ ሰፈራ መጥቶ እዚሁ ደብረ ታቦር የቀረ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነው። እጁ ከግራሶ አይጠራም። ሲስቅ ግን፣ ስለ ሳቁ ትዝታ ለማንም ማውራት አትወድም፤ የራሷ ነው።

ነገሩን የሚሰሙት የትዝታ አያት እሜቴ አሰለፈች ናቸው። የትዝታ አባት ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው። እናቷ አበበች እንኳ ወጥ ላይ ጨው ስታደርግ ዘወር ብላ የምታየው እሳቸውን ነው። ደግሞ እሜቴ አሰለፈች ዘር ይቆጥራሉ። ከገሳይ እስከ ሐሙሲት ሊጋባ ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ የልጁን ሰባት ቤት ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የልጅቱንም እንዲሁ። ሁለቱ መስመር የትም ካልተነካካ ‹‹ይሁን›› ይላሉ፣ ጌሾ ይወቀጣል። ከተነካካ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። አንድ ጊዜ ድንኳን የተተከለለትን ሠርግ በስድስተኛው ቤት አስቀርተዋል። ሙሽራው ዛሬም ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል።

ትዝታ ግን አልፈራችም። ፓዌና ደብረ ታቦርን ምን ያገናኛቸዋል ብላ።

ዘሩን የሚመልስለት ሰው ስለሌለ ሙሉቀን ራሱ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ተቀምጧል፤ እሜቴ የእናቱን ወገን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። የወሎ ሰዎች ናቸው፣ አይነኩንም አሉ። ከዚያ ወደ አባቱ ዞሩ። ለየቤቱ መሬቱን በበትራቸው መታ ያደርጋሉ።

‹‹አባትህ ማን ይባላል?››

‹‹ፈንታሁን።›› መታ።

‹‹አያትህስ?››

‹‹ጫኔ።››

ሁለተኛዋ ምት ሳትመጣ ቀረች። አባትህ ፓዌ መቼ ሄደ አሉት። በሰባ ሰባት ነው አለ ሙሉቀን፤ የዚሁ አገር ሰው ነበር፣ ታስሮ ሳለ ከሰፋሪዎቹ ጋር በመኪና ጫኑት። የት ነበር የታሰረው ሲሉት፣ እሱ ‹መጋዘኑ› ነው የሚለው፣ ሌላ አይነግረኝም አለ።

እሜቴ አሰለፈች በትሩን ጥለው ተነሡ። ያለ በትር ሲነሡ ትዝታ ካየች ስንት ዓመቷ። ሁለት እርምጃ ሄደው ሙሉቀን አንገት ላይ ተጠመጠሙ።

‹‹የወንድሜ አጥንት›› አሉ። ‹‹አንተ የወንድሜ አጥንት።››

ሸሪፍ የብርዙን ብርጭቆ የት እንደሚያኖረው ጠፋው። ሁለቱ አዛውንት ተያዩ። ትዝታም መጋረጃውን ከአፏ አወጣችው፤ ጫኔ የእሜቴ አባት ነው፣ ፈንታሁን የእሜቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ እንግዲያው ልታገባው የነበረው ልጅ የእናቷ የአጎት ልጅ ሆነ። በአጭሩ አጎቷ ሆነ።

የፈንታሁንን ነገር በዚያ ቤት የማያውቅ የለም። በሰባ ስድስት የገበሬ ማኅበሩን በሬ ሸጠሃል ተብሎ ተያዘ። ያኔ ከከተማው ጫፍ አንድ የእህል መጋዘን ነበር፣ እህል ሲጠፋ ሰው ያጎሩበት። ዘመኑ የረኃብ ዘመን ነው፤ እስረኛ የሚበላው ዘመዱ የሚያቀብለውን ስንቅ ብቻ ነው። እሜቴ አሰለፈች ከልጆቻቸው አፍ እየቀነሱ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ አገልግል ተሸክመው ይሄዳሉ። ዘቡ በሩ ላይ ስም ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ አገልግሉን ያስገባል፣ ባዶውን ይመልሳል። ፈንታሁን ግን ባዶ አይመልስም። ምንም ቢርበው ከዳር አንድ ቁራሽ ቆርሶ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ይመልሳል። ለአበበች ነው። ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር፤ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

ከዚያ የሰፈራው መኪና መጣ። ከወረዳው ይሂድ የተባለው ሰው ቁጥር አልሞላ ሲል፣ የጎደለውን ከመጋዘኑ እስረኞች ሞሉት ይባላል። ጎህ ሳይቀድ ስም ተጠራ፣ መኪናው ሄደ። እሜቴ ይህን ሳያውቁ የዚያኑ ዕለት እኩለ ቀን ስንቁን አድርሰው፣ አገልግሉን ተቀብለው ሲመለሱ ነው መንገድ ላይ የነገሯቸው። ወንድሜን ጭነው ስንቁን ዘቦቹ በሉት ብለው መሬት ላይ ወደቁ። ከዚያ ወዲያ ያን በር አልረገጡም። ቆላ የወረደ ሁሉ በወባ አለቀ ሲባል እርማቸውን አወጡ፣ ተዝካር አወጡ። ያ ሁሉ ካለፈ እነሆ ሃያ ሦስት ዓመት።

አሁን ተገኘ።

በዚያ ሳምንት ቤቱ የደስታ ቤት ሆነ፤ ከአንዲት ሴት ልጅ በቀር። እሜቴ ከሣጥን ሥር የወንድማቸውን ጋቢ አውጥተው ሙሉቀን ትከሻ ላይ አደረጉት። ጎረቤት እየመጣ እልል ይላል። አንዷ ሴትዮ ትዝታን ጎተት አድርጋ፣ እንኳን ሳትጋቡ ታወቀ፣ እግዜር ከኃጢአት አወጣሽ አለቻት። ትዝታ አሜን አለች። ምን ትበል።

ሙሉቀን ማጀት ድረስ ውኃ ሊጠጣ ሲመጣ ግን አልማረችውም።

‹‹ጉልበትህን ልሳም፣ አጎቴ?››

ውኃው ትን አለው።

‹‹እንዲህ አትበዪኝ።››

‹‹ምን ልበልህ ታዲያ፣ አባባ?››

አልሳቀም። ጋቢው እየረዘመበት፣ ጫፉን ግራሶ በነካው እጁ ይዞ ቆመ፤ ትዝታ ዞር ብላ ድስቱን ማማሰል ያዘች፣ ድስቱ ውስጥ ግን ምንም አልነበረም።

ሰኞ ዕለት ሙሉቀን ወደ ፓዌ ስልክ ደወለ። በእነሱ መንደር ያለው ስልክ ወፍጮ ቤቱ የተቀመጠ ሽቦ አልባ ብቻ ነው። እህትህ ተገኘች፣ ሃያ ሦስት ዓመት ስታለቅስልህ ኖራለች፣ ቅዳሜ በአራት ሰዓት ወፍጮ ቤት ተገኝ ብሎ ለባለ ወፍጮው መልእክት ተወለት። እሜቴም ቅዳሜን መቁጠር ጀመሩ።

ሐሙስ ዕለት አበበችና ትዝታ ምስር እየለቀሙ ነበር። እሜቴ ውጭ ለእንግዳ ያንኑ ታሪክ እንደ አዲስ ያወጋሉ፤ አገልግሉ ባዶውን ተመለሰልኝ የሚለው ቦታ ደርሰዋል። አበበች ቀና ሳትል፣ ለራሷ እንደሚያወራ ሰው አጉተመተመች።

‹‹ባዶስ አልነበረም።››

ትዝታ እጇ ቆመ። ምን አልሽ አለቻት። አበበች መጀመሪያ ተወት አደረገቻት፤ ስትጨቀጭቃት ተናገረች። የዚያን ዕለት እናቷ መሬት ላይ ስትንከባለል አገልግሉ መንገድ ዳር ወድቆ ተከፈተ። ቁራሹ ነበረ። በኮባ ተጠቅልሎ፣ እንደ ወትሮው። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ ከቁጥቋጦ ኋላ ተቀምጣ በላችው። በኋላ አፍራ ዝም አለች። በአጎቴ ልቅሶ እንጀራ በላሁ ብላ ለማን ትናገር።

‹‹ዘቦቹ ከበሉት ቁራሹን ማን ጠቀለለው?›› አለች ትዝታ።

አበበች ምስሩን አየች። ያን ጥያቄ ለሃያ ሦስት ዓመት እንዳልጠየቀችው ከፊቷ ያስታውቃል። ተይው፣ ልጄ፣ ተይው አለች፤ ትዝታ ግን ጫማዋን እየፈለገች ነው።

መጋዘኑ ዛሬ የእንጨት ሥራ ቤት ሆኗል። በሩ ላይ የሚቀመጡት ባሻ ጌጡ ግን አልተለወጡም፤ ያኔም የዚያው በር ዘብ ነበሩ። ዱሮ እንዳይወጡ ነበር የምጠብቅ፣ አሁን እንዳይገቡ እያሉ ይቀልዳሉ። ትዝታ አንድ ጥቅል ሱረት አቀበለቻቸውና አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። የሰፈራው መኪና የሄደ ዕለት ነበሩ ወይ አለቻቸው። አልነበርኩም አሉ። የዱሮዎቹ ዘቦች እስረኞቹን አጅበው ሄደው እዚያው ሲቀሩ በሩን ሁለት ቀን የማኅበሩ ወጣቶች ያዙት፤ እሳቸው በሦስተኛው ቀን ነው የተተኩት። መዝገብ ተሰጣቸው፤ የቀረው እስረኛ በመዝገቡ ስም ተጠርቶ ተቆጠረ፣ ልክ ሆነ።

‹‹ፊታቸውን የሚያውቅ አልነበረም?››

‹‹ስም ነው የምንቆጥር፣ ልጄ። ስም ጠርቼ ‹አለሁ› ካለኝ አለ ነው።››

ትዝታ ልታመሰግንና ልትነሣ ነበር። ሽማግሌው ግን ሱረቷ አፍ አስከፈተቻቸው። ከቀሩት አንዱን አልረሳውም አሉ። እሸቴ የሚባል የእብናት ሰው ነው። በመሬት ወሰን ሰው ገድሎ የገባ፣ ለመፈታት ሦስት ወር የቀረው። የሟች ወንድሞች የሚፈታበትን ቀን ውጭ ይጠብቃሉ፣ የራሱ ዘመዶች ፈርተው አገር ጥለው ጠፍተዋል። በስንቅ መዝገቡ ላይ ከስሙ ትይዩ ‹ጠያቂ የለውም› ተብሎ ተጽፏል። ይህ ሰው ግን በየቀኑ እኩለ ቀን ሲሆን በሩ ድረስ ይመጣል።

‹‹‹አገልግሌ አልመጣም?› ይለኛል። ላንተ የሚመጣ የለም እለዋለሁ። ‹ዛሬ ይመጣል፣ እህቴ አትቀርም› ይለኛል። አበደ አልን። ሃያ ሦስት ቀን ጠየቀኝ። በሃያ አራተኛው አልመጣም።››

ተስቦ ገብቶ ነበር። መጀመሪያ የወሰደው እሱን ነው፤ ስንቅ የሌለው ሰው ምን አቅም አለው አሉ ባሻ ጌጡ። እሸቴ ሞተ ተብሎ ተጻፈ። እብናቶቹም ደመኛችሁ ሞቷል ተባሉ፣ ጠመንጃቸውን ይዘው አገራቸው ገቡ። ከግቢው ጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ነው የቀበርነው፤ ያኔ ቄስ የሚጠራ ማን ነበር።

ትዝታ ወደ ቤት አልሄደችም። እግሯ ወደ ጎማ ቤቱ ወሰዳት። ሙሉቀን ከጎማ ውስጥ ያወጣውን ካላማዳሪያ ውኃ ውስጥ ነክሮ አየር የሚወጣበትን ቀዳዳ እየፈለገ ነበር። አጠገቡ ቆማ ሁሉንም ነገረችው፤ ቁራሹን፣ ባሻ ጌጡን፣ በሩ ላይ የሚጠይቀውን ሰው። አባትህ ፈንታሁን አይደሉም አለችው። እሸቴ ናቸው፤ በሩ ላይ ስንቁን ይጠይቅ የነበረው ነው ፈንታሁን። ሲጠራ በፈንታሁን ስም ‹አለሁ› ብለው የወጡት እሳቸው ናቸው። ዘመድ አይደለንም።

ደስ ይለዋል ብላ ነበር። ካላማዳሪያውን ውኃው ውስጥ ለቀቀው፣ ተንሳፈፈ።

‹‹አባቴ ከእብናት ሰው ጋር አንድ ቤት ጠላ አይጠጣም›› አለ። ‹‹ስመጣም፣ ደብረ ታቦር ስሜን እንዳትጠራ ብሎኛል። በዘር ቆጠራ ይዋሻል ወይ ብዬ ነው የጠራሁት።››

‹‹እንግዲህ ለእምዬ እንነግራቸዋለን።››

‹‹ከተነገረ ይወራል። ከተወራ እብናት ይደርሳል። የሟቹ ወንድሞች በሕይወት አሉ፣ ልጆቻቸው አሉ።›› እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ደጋግሞ ጠረገ። ‹‹ትዝታ፣ ልታገቢኝ ነው ወይስ አባቴን ልታስገድዪው?››

ትዝታ የተንሳፈፈውን ካላማዳሪያ በእጇ ተጭና መልሳ ውኃው ውስጥ ነከረችው። 

አርብ እንደ ዓመት ረዘመ። አበበች ባሻ ጌጡ ያሉትን ከትዝታ ሰምታ፣ ማታም ጠዋትም እየተከተለች ለመነቻት። እናቴ ወንድሟን አግኝታ ትሙት፣ አንቺ ሌላ ባል ታገኛለሽ፣ እሷ ሌላ ወንድም አታገኝም አለች። እንዴት ብለሽስ ነው የምትነግሪያት? አንቺ እርም ስታወጪ እሱ በሩ ላይ ስንቅ ይጠብቅሽ ነበር ነው የምትያት?  እሜቴ ውጭ ተቀምጠው ለቅዳሜ ነጠላቸውን ያጥባሉ። ስልክ ውስጥ እንደማይታዩ ማንም ሊያስረዳቸው አልቻለም።

ቅዳሜ በአራት ሰዓት አምስቱም ነጅሚያ ስልክ ቤት ናቸው፤ እሜቴ፣ አበበች፣ ትዝታ፣ ሙሉቀን፣ አምስተኛዋ ራሷ ነጅሚያ። ነጅሚያ ከትዝታ ጋር እስከ ስድስተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠች ናት። እሜቴ ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረገችላቸውና የሱቁን በር ዘጋች። መስመሩ ሦስት ጊዜ ጠፋ። በአራተኛው ወፍጮው ሲንኳኳ ተሰማ፣ ቀጥሎ የሰው ትንፋሽ።

‹‹ፈንታ?›› አሉ እሜቴ። ‹‹ፈንታዬ፣ አንተ ነህ?››

‹‹አቤት›› አለ ድምፁ።

አንዲት ቃል ናት። ለእሜቴ በቂ ሆነች። ያለቀሱበትን ሁሉ፣ የሞተውን ሁሉ፣ የተሸጠውን ላም ሳይቀር ዘረገፉለት። ሰውየው አልፎ አልፎ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል፣ ሌላ አይልም። ትዝታ የስልኩን ጠረጴዛ ጠርዝ ጨብጣ ይዛለች። ሙሉቀን ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉን ያያል።

‹‹ደግሞ ጉድ ልንሆን ነበር›› አሉ እሜቴ በእንባቸው መሃል እየሳቁ። ‹‹ልጅህ የአበበችን ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ልኮብን፣ እግዜር በቆጠራ አተረፈን።››

ወፍጮው ብቻ ተሰማ። ከዚያ፣ ልጄ ሽማግሌ ልኮ ነበር አለ ሰውየው፣ ቀስ ብሎ። አልነገረኝም። ልጅቱን ይወዳታል?

‹‹ይወዳታል፣ ምን ያደርጋል። የአበበች ልጅ ናት እኮ። አበበችን ረሳሃት?››

መልስ አልመጣም። ትዝታ በዚያች ዝምታ ውስጥ ሁሉንም አየችው። እሷ ከተናገረች ያ ሰው በግድ ተገለጠ፤ ዝም ካለች ሁሉም እንዳለ ተዘጋ። ሦስተኛ መንገድ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሚከፈተው ከወዲያ፣ በሰውየው አፍ ነው። አበበች ነጠላዋን ከኋላ ያዘቻት። ትዝታ ነጠላውን ትታላት ወደ አያቷ ጆሮ ጠጋ አለች።

‹‹እምዬ፣ ስለ ቁራሹ ይጠይቋቸው።››

እሜቴ ፊታቸው በራ። ‹‹እውነቷን ነው። ፈንታዬ፣ በአገልግሉ የምትመልሰውን ቁራሽ ትዝ አለህ? ለማን ነበር የምትልከው?››

 ወፍጮው ቱክ ቱክ ይላል። ሙሉቀን ወደ ስልኩ አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ። 

‹‹ቁራሹን የምቆርሰው እኔ አልነበርኩም፣ እመት›› አለ ድምፁ። ‹‹እሱ ነው። ርቦን ዓይናችን እያየ አያስነካንም ነበር፤ የልጅቱ ናት ይላል። እኔ የእብናቱ እሸቴ ነኝ።››

እሜቴ አልጮኹም። በሁለት እጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ፣ ከትዝታ እጅ አጠገብ።

ሰውየው የሚያቆመው አጥቶ ነገራቸው። ስሙ ከሚጫኑት ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ሲሰማ ፈንታሁን ቆላ ፈራ፣ እኔ ደመኞቼን ፈራሁ። ከጥሪው በፊት በነበረው ሌሊት ተማክረን ስም ተለዋወጥን። የእኔ ሦስት ወር ነው የቀረኝ፣ እሷን ጨርስና ወደ እህትህ ግባ አልኩት። ሁሉንም ያሰብነው መስሎን ነበር።

‹‹ስንቁን ግን አላሰብነውም። እኔ ከእሱ አገልግል ስበላ ኖሬ፣ በስሜ ስንቅ መጥቶልኝ ስለማያውቅ፣ ስንቅ በስም እንደሚገባ ትዝ አላለኝም። የመጀመሪያው ዕለት እንኳ በሩን የያዙት ወጣቶች መዝገብ ሳያዩ አስገቡለት፣ በላ አሉ፤ ከኋላ የመጣ ሰፋሪ ነግሮኛል። ቤቱ ገብቶ ልጅ ወልዶ ይኖራል እያልኩ ነው ስሙን ይዤ የኖርኩ። ሰኞ ልጄ ‹እህትህ ስታለቅስልህ ኖራለች› ብሎ ሲልክብኝ ነው እቤቱ እንዳልደረሰ ያወቅሁት። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመስኩም። የመጣሁት ልዋሽሽ ነበር። ልጁ…››

መስመሩ ተቆረጠ።

እሜቴ አሰለፈች ዞር ብለው አንድ በአንድ አዩአቸው፣ ትዝታ ላይ ቆሙ።

‹‹ታውቂ ነበር?››

‹‹ከሐሙስ ጀምሮ።››

‹‹የት ነው ያለው?››

ከግቢው ጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር መሆኑን ነገረቻቸው። ተስቦውን ነገረቻቸው። በሩንም መንገር ነበረባት፤ ካልነገረች ሌላ ሰው ይነግራቸዋል። አገልግሉን ይጠይቅ እንደነበር ተናገረች።

‹‹ስንት ቀን ጠየቀ?››

‹‹ሁለት ቀን ነው አሉ ባሻ። ወዲያው ታመመ።››

ትዝታ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ብዙ ዋሽታለች፣ አብዛኛውን አትቆጭበትም። ይህቺን ደግሞ እስክትሞት ትደግማታለች። እሜቴ ለረጅም ጊዜ ዓይኗን አዩአት። ያመኑ አይመስሉም፤ ግን አልደገሙም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ድምፅ ሳይወጣቸው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሙሉቀን ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ አጥፎ እግራቸው ሥር አኖረው። አበበች በሩን ተደግፋ አፏን ይዛለች።

ቆይተው ቀና አሉ።

‹‹ልጄ፣ መልሺልኝ›› አሏት ነጅሚያን።

ነጅሚያ ደጋግማ መታች። ሰውየው ከስልኩ አልተነሣም ኖሯል፣ ገና ሳይጠራ አነሣው። ትዝታ እርግማን ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ እሷ ብትሆን ትረግመዋለች። እሜቴ ግን በትራቸውን አነሡ።

‹‹የአባትህ ስም ማን ነው?››

‹‹እመት?››

‹‹የአባትህን ስም ንገረኝ። ቀጥሎ የአያትህን። የወለደህን ነው ያልኩህ፣ የተዋስከውን አይደለም።››

ሰውየው ጀመረ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ እነዚያን ስሞች ሃያ ሦስት ዓመት አላወጣቸውም። መታ። መታ። አራተኛው ላይ ስሙ ጠፋው፣ ወፍጮው ሲንኳኳ ጠበቁት፣ አገኘው። መታ። አምስተኛው ላይ እሜቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፣ ከራሳቸው መስመር ጋር ሲያስተያዩ።  መታ። ስድስት። ሰባት።

በትሩ ጸጥ አለ።

‹‹ይሁን›› አሉ እሜቴ አሰለፈች።

ከዚያ ለሰውየውም፣ ሱቁ ውስጥ ላሉትም በአንድ ድምፅ ተናገሩ። ዛሬ የተባለው ከዚህች በር አይወጣም። እብናት የሞተው ሰው ሞቷል። አንተ ፈንታሁን ጫኔ ነህ፣ ስሙን ይዘህ ቆይልኝ፤ ሳትከብርበት እንዳትሞት። ስልኩን እንዲህ አድርገው ዘጉት። ሲወጡ ጋቢውን በበትራቸው ጫፍ ወደ ሙሉቀን ገፋ አደረጉት፤ ያንተው ነው፣ አንሣ አሉት።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። ለሽማግሌዎቹ ምን ይባላል? እውነቱ አይነገርም፤ ወንድሜ ነው ተብሎ ደግሞ ጋብቻ የለም። እሜቴ በማግስቱ ሸሪፍንና ሁለቱን አዛውንት አስጠርተው፣ ቤት ሙሉ ጎረቤት እየሰማ፣ ተሳስቻለሁ አሉ። አርጅቻለሁ። የእሱ ጫኔ ሌላ ጫኔ ነው፣ በስም መመሳሰል ወንድሜ መሰለኝ፣ ቆጠራዬ ተዛንፏል። ትዝታ ቡናማውን የአያቷን ሻሽ ከኋላ እያየች ነበር፤ አንገታቸው እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነው። ሴትዮዎቹ እርስ በርስ ተጠቃቀሱ። በስድስተኛው ቤት ሠርጉ የቀረበት ሰውዬ ወሬውን ሰምቶ ሦስት ቀን እንደ ሰከረ ተወራ። ከዚያ ወዲህ ዘር ሊያስቆጥር እሜቴ አሰለፈች ዘንድ የመጣ የለም።

ለሠርጉ ዋዜማ ድግሱ ሲደርስ፣ ማንም ሳይቀምስ እሜቴ የመጀመሪያውን አገልግል ሞልተው ትዝታን ተሸከሚ አሏት። ሙሽራ አትሸከምም አለች አንዷ አክስት፤ የሰማት የለም። ሁለቱ በእግራቸው ወደ ከተማው ማረሚያ ቤት ሄዱ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፣ እኩለ ቀን። በሩ ላይ ያለው ወጣት ዘብ ደብተሩን ገለጠ።

‹‹ለማን ነው? ስም?››

‹‹ስም አልያዝኩም›› አሉ እሜቴ አሰለፈች። ‹‹በሩ ድረስ መጥቶ ‹አልመጣልኝም?› ብሎ ለሚጠይቅህ ስጥልኝ።››

ዘቡ እስክሪብቶውን እንደያዘ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ምንም ሳይጽፍ እጁን ዘርግቶ አገልግሉን ከትዝታ ተቀበላት።